አልሞቀኝም፣ አልበረደኝም

ውድ እትዬ፣

20 ዓመቴ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ጋር እኖራለሁ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ እማራለሁ። ጥያቄዬ ከሌሎቹ ሰዎች ችግር ጋር ሲተያይ ቀልድ ይመስላል። እንዳይስቁብኝ።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የልጅነት ጓደኛዬ አለች። ልጆች እያስጠናች ካጠራቀመችው ላይ 1,200 ብር አውጥታ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛች። ያንግ አደልት የሚሉት የወጣቶች ልብወለድ ነው፤ የፍቅር ታሪክ። ሁለት ሌሊት አለቀሰችበት። ከዚያ ለሦስት ጓደኞቻችን በየተራ አዋሰቻቸው። ሦስቱም አበዱ። አንዷ እንደውም ሽፋኑን ፎቶ አንስታ የስልኳ ስክሪን ላይ አደረገችው። የመጨረሻዋ ባለተራ እኔ ነኝ። አሁን ጨርሼዋለሁ። ምንም። አልሞቀኝም፣ አልበረደኝም። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ታሪኩ አሜሪካ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤት እረፍት በአያቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ድሮ የተጣላችው የጎረቤት ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ይመለሳል። ፍቅረኛሞች ነን ብለው ለማስመሰል ይስማማሉ፤ ከዚያ የምር ይሆናል። ስልኩ ላይ የአንዲት ሴት መልእክት ታይና ይጣላሉ። ሴትየዋ የአጎቱ ልጅ ናት። ይታረቃሉ፣ ያልቃል።

አያቷ ግን... አያቷ መርሳት ጀምራለች። አንድ ቀን ሊጡ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ትጨምራለች፣ በማግስቱ ጭራሽ ትረሳዋለች። ደንበኞቹ ያውቃሉ። ማንም አንድ ቃል አይናገርም። ከፍለው ይወስዳሉ። ጨው የሌለው ዳቦ ከተማው ሁሉ በዝምታ ይበላል። ልጅቷ ከዚያ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳች፣ አያቷ ሳትሰማ ሊጡን ደፍታ እንደገና ታቦካለች። አንድ ሌሊት አያቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። አይታ ምንም ሳትል ተመልሳ ትተኛለች። እሱን ምዕራፍ ታክሲ ውስጥ ቆሜ ሳነብ ወራጅ ማለት ረስቼ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ግን አያቷ የምትመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቀሪው ገጽ ሁሉ ልጁ ነው፤ ዓይኑ፣ ፀጉሩ፣ ሹራቡ።

እናቴ ዩቲዩብ ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ያነበበውን ፍቅር እስከ መቃብር እየጋገረች ትሰማለች። ሰብለና በዛብህ ጋ ስትደርስ እሷም ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ። በዚህኛው አንድ ጠብታ እንኳ አልወጣኝም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ልጅ ጋር ተለያይቼ ነበር። ድንጋይ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ይሆን? ወይስ ለእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አረጀሁ?

ቅዳሜ አምስታችንም ቡና ጠጥተን ስለ መጽሐፉ ልናወራ ነው። ጓደኛዬ በየቀኑ ደረጃ ላይ «የት ደረስሽ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ቀዝቃዛዋ ከአባዶ

ማስታወሻ፦ ገጽ 112 ላይ ሽሮ ጠብ ብሎበታል። እስካሁን አላየችም።

—

ውድ ቀዝቃዛዋ፣

መጀመሪያ ይቅርታ፣ ስቄያለሁ። የሳቅኩት ግን «መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» ያልሽው ላይ ነው። ምክንያቱም ትክክል ነሽ።

ቀሽም መጽሐፍ ድግስ ነው። አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ሲቦጭቀው ይውላል። «እዚህ ጋ ያለው ንግግር ትዝ ይልሻል?» እየተባለ ሦስተኛው ቡና ይደርሳል። የወደድሽውም ቢሆን እንደዚያው ነው፣ አፍሽ አያርፍም። «ደህና ነው» የምትይው መጽሐፍ ግን አንደበት ይዘጋል። ውሃ ውሃ የሚል ወጥ በሰው ቤት እንደ መብላት ነው። አልተቃጠለ፣ ጨው አልበዛበት። አስተናጋጇ ፊት ለፊትሽ ቆማ «እንዴት ነው?» ትላለች። አንቺ ትጎርሻለሽ፣ ትጎርሻለሽ፣ የምትዪው ቃል ይጠፋሻል። ከዚያ ምን ትያለሽ? «በጣም አሪፍ ነው!» ድምፅሽ ከልክ በላይ ወጥቶ። ሰው ደግሞ ይኼን ድምፅ ያውቀዋል።

እኔ ራሴ በዚህ ድምፅ ተይዣለሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ተማሪ ሆኜ ኮተቤ ነበርኩ። ያኔ ኮተቤ ከከተማ ውጪ ነበር ማለት ይቻላል። ልብወለድ በሳንቲም ይከራይ ነበር፣ ወስደሽ አድረሽበት ትመልሻለሽ። አንዲት ጓደኛዬ ከኪራይ ቤቱ አንድ የፍቅር መጽሐፍ አምጥታ፣ አንብባ፣ ቀኑ ሳያልፍባት ለእኔ አቀበለችኝ። እስከ ግማሽ ድረስ ተንፏቀቅኩ። ከዚያ እንቅልፍ። ጠዋት መንገድ ላይ ጠበቀችኝና «እ?» አለችኝ። «አለቀስኩ» አልኳት። «የት ጋ?» አለች። «መጨረሻው ላይ ነዋ!»

ዝም ብላ አየችኝ። መጽሐፉ መጨረሻ አልነበረውም። ስንቱ እጅ ሲቀባበለው የኖረ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ተቀድደው ጠፍተዋል። እሷ ለእኔ የሰጠችኝ፣ ለካ፣ መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል አብረን እንድንገምት ነበር። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነን፤ ሰርግ ላይ ስንገናኝ፣ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ፣ ጠጋ ብላ «መጨረሻው ላይ አለቀስሽ?» ትለኛለች። ስለዚህ ስለ መዋሸት ያለኝን አስተያየት ከዚህ ተረጂ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ።

ድንጋይ ሆኜ ይሆን ወይ ብለሻል። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ለጥያቄሽ፣ ሁለተኛውን ለመቁጠር። መቁጠር ትወጃለሽ ብዬ ነው፣ የአካውንቲንግ ልጅ አይደለሽ? ዋናውን ፍቅር፣ ማለትም መጽሐፉ የተጻፈበትን ጉዳይ፣ ከመተዋወቅ እስከ እርቅ በጥቂት መስመር ጨረስሽው። «ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያልቃል» አልሽና ዘጋሽው። የአውቶቡስ መስመር የምትነግሪኝ ነው የሚመስለው። አያቷ ጋ ስትደርሺ ግን እጅሽ ተለወጠ። ጨው፣ ሊጥ፣ ከተማው በዝምታ የሚበላው ዳቦ፣ በሩ ላይ የቆመችው አሮጊት። መጽሐፉን ያላነበብኩት እኔ እንኳን ያቺን በር አሁን አየዋለሁ። ፌርማታሽንም አለፍሽ። እንግዲህ አባዶና መገናኛ መሃል ለሚመላለስ ሰው፣ ያን ሁሉ ሰልፍ ቆሞ ለተሳፈረ ሰው፣ ወራጅ ማለት መርሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ድንጋይ ፌርማታ አያልፍም።

መጽሐፉ አልያዘኝም ትያለሽ። ይዞሻል እኮ፣ ለዚያውም ጥብቅ አድርጎ። ከዚያ ለቀቀሽ። የተናደድሽው በዚያ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ አንድ ጥሩ በር ከፍታ አሳየችሽና ዘግታ ወደ ሹራቡ መለሰችሽ። «አልሞቀኝም አልበረደኝም» የምትይው ስሜት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከላይ ለብ ያለ ይመስላል፣ ታቹ ግን ቅሬታ አለበት። ለምን ስለ አያቷ እንደሆነ ደግሞ እኔ አልነግርሽም። እናትሽ እንጀራዋን ለሱቅ ለማድረስ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ልጁ፣ ስለተለያያችሁት፣ አንድ መስመር ብቻ ጻፍሽ። እኔም ብዙ አልጨምርም። ልቧ የተዘጋ ሴት ለሰብለ አታለቅስም። ሌላ ጊዜ ስለ እሱ ብቻ መጻፍ ካማረሽ ጻፊልኝ፣ ያኔ በሰፊው እናወራለን።

አረጀሁ ወይ ላልሽው መልሱ አጭር ነው። ያንግ አደልት የሚለው ስም ገበያ ያወጣለት ስም ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ስላለ ሰው የተጻፈ፣ ለእነሱ ይሆናል የተባለ መጽሐፍ ማለት ነው። የሚያነበው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባውከር የሚባል የመጻሕፍት ገበያ አጥኚ ድርጅት፣ ከ12 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የሚታተመውን መጽሐፍ ማን እንደሚገዛው አይቶ ነበር። ከገዢዎቹ 55 በመቶው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። በብዛት ደግሞ ከ30 እስከ 44 ያሉት ናቸው። ለልጆቻቸው ነዋ የገዙት እንዳትዪኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለራሳቸው ሊያነቡት ነው። ስለዚህ በ20 ዓመትሽ ጡረታ አትውጪ።

ሌላ አንድ መልስ አለ፣ ሰዎች ቶሎ የሚሰጡት። «የእኛ ባህል ስላልሆነ ነው» የሚለው። ቅዳሜ ከአራቱ አንዷ ትለዋለች፣ ተወራረጂኝ። አትቀበያት። ባሕር ዳርቻ ያለች የአሜሪካ ከተማ ከአባዶ ትርቃለች፣ እውነት ነው። የሰብለ ወንጌል ጎጃምስ ቅርብ ነው እንዴ? የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ የት አይተሽው ታውቂያለሽ? ባላባትና ጭሰኛ፣ ቆሎ ተማሪ፣ በበቅሎ የሚኬድ መንገድ፤ ይኼ ሁሉ ለኮንዶሚኒየም ልጅ ከዳቦ ቤቷ የበለጠ ሩቅ ነው። ዳቦ ቤት እንኳን ብሎካችሁ ሥር ይኖራል። ርቀት ቢሆን ኖሮ ከእናትሽ ጋር ባላለቀስሽ።

እኔ የሚመስለኝ ዋጋው ላይ ነው ጉዳዩ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ሲያሳትሙ ርዕሱ ላይ መቃብር አስቀምጠው ነው የጀመሩት። አንቺ ገና ሽፋኑ ላይ ታውቂያለሽ። ፍቅሩ ያስከፍላል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። በዛብህ የደሃ ልጅ ነው፣ ሰብለ የፊታውራሪ ልጅ ናት። አባቷ ቀልድ አያውቁም። እነሱ ሁለቱ በተያዩ ቁጥር አንቺ ጀርባቸውን ትጠብቂያለሽ፣ «ኧረ ሰው መጣ» ትያለሽ በሆድሽ። የእኛ ጆሮ ፍቅርን የለመደው በዚህ ዜማ ነው። እናትሽ ከምጣዱ ጋር ስታደምጠው የኖረችው፣ አንቺም ከእሷ የወረስሽው።

አሜሪካኖቹ ሮማንስ የሚሉት ዘውግ ደግሞ ሌላ ውል አለው። የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበራቸው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንድ፣ የታሪኩ እምብርት ፍቅሩ ይሁን። ሁለት፣ መጨረሻው አንባቢን የሚያስደስትና ተስፋ ያለው ይሁን። ማለት መጽሐፉን ስትገዢ አብረው እንደሚሆኑ አስቀድሞ ተነግሮሻል። ይኼ ጉድለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚገዛው ለዚሁ ነው። ቀኑ ከብዶት ማታ ቤቱ የገባ ሰው፣ መብራት ይምጣ አይምጣ የማያውቅ ሰው፣ ቢያንስ አንድ የሚያልቅበትን የሚያውቀው ነገር ቢፈልግ ምን ያስደንቃል? እኔም እንደዚያ የማነብባቸው ሳምንታት አሉ፣ አላፍርባቸውም።

ግን መጨረሻው ከታወቀ ጸሐፊዋ እጅ ላይ የሚቀረው መንገዱ ነው። እንዴት ይደርሳሉ? ምን ይጥላሉ፣ ምን ያነሳሉ? የዘመኑን ፍቅር መጻፍ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፊታውራሪ የለም። ጠመንጃ የለም። ሁለቱም ስልክ አላቸው፣ ሁለቱም ከቤት መውጣት ይችላሉ። ስለዚህ እንቅፋቱን ከውስጣቸው መፈለግ አለባት። ፍርሃት፣ ሐፍረት፣ ያልታረቁት ቂም፣ የቤት ችግር፣ የገንዘብ ነገር። ጎበዝ ጸሐፊ ይህንን ታገኘዋለች። የአንቺዋ ግን ያገኘችው ምንድን ነው? የአጎት ልጅ የላከችው መልእክት። «ማናት ይቺ?» ብላ አንድ ጊዜ ብትጠይቀው መጽሐፉ እዚያው ያልቅ ነበር። ያልጠየቀችው ጸሐፊዋ ገጽ ስለሚቀራት ነው። አንባቢ ደግሞ ይኼን ይሸተዋል። ገጸ ባሕርይዋ ስለፈራች ዝም ስትልና ጸሐፊዋ ስላዘዘቻት ዝም ስትል ልዩነቱ ያስታውቃል።

የማስመሰሉ ነገርም እንደዚያው የባከነ ይመስለኛል። ውሸተኛ ፍቅረኞች የሚባለው ዘዴ ያረጀ ነው፣ አሪፍም ነው። ሲሠራ የሚሠራው ለምን መሰለሽ? ሁለቱ ሰዎች ውሸት መስሎ እውነቱን ለመናገር ፈቃድ ያገኛሉ። «እወድሃለሁ» ትለዋለች፣ ሰው ፊት ስለሆኑ። እሱ ቃሉን ይሰማል፣ ግን ማመን አይችልም። እሷም አንዴ ካለችው መመለስ አትችልም። ፍቅር እንዲህ ሲደበቅ ልብ ያንጠለጥላል። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ጸሐፊዋ ይኼን ሁሉ አዘጋጅታ «ከዚያ የምር ይሆናል» ብላ አለፈችው። ወይም አንቺ ነሽ ያለፍሽው። እስቲ መልሰሽ እይው፣ አንቺ ከሆንሽ ያልኩትን እተወዋለሁ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌሊት 10 ሰዓት የሚያስነሳ ፍቅር ነበር። የሚደበቅ ነበር፣ የሚያስከፍል ነበር፣ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆማ አይታ ዝም እስክትል ድረስ። ዋጋ ያለውን ፍቅር ለአያቷ ሰጥታ፣ ርካሹን ለልጁ ሰጠችው። አንቺ የሰማሽው ይኼን ነው። ጆሮሽ ደህና ነው።

አንዳንዱ ጥፋት ደግሞ የመጽሐፉ አይደለም፣ እውነቱን እንናገር። አራተኛ፣ አምስተኛ ሆኖ ማንበብ ራሱ ጣጣ አለው። ቀድመው አካበዱት። አንዷ ሁለት ሌሊት አለቀሰች፣ አንዷ ሽፋኑን ስክሪኗ ላይ ለጠፈች። የባለመጽሐፏ ደግሞ ደረጃው ላይ «የት ደረስሽ?» አለ። አንድ ሰው እንባሽን እየጠበቀ ሲያይሽ እንባ እሺ አይልም። ከንፈር መምጠጥ እንኳን ያቅታል። እኔ ብሆን ብቻዬን፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላይ አንስቼው ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይሻለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ትንሽ። የአጎት ልጅዋ እዚያም አትቀርም።

እሺ፣ ቅዳሜ።

ቅዳሜን አትጠብቂ። ይኼን ነገር መጀመሪያ የምትሰማው ጓደኛሽ መሆን አለባት፣ ለብቻዋ፣ ከሦስቱ ፊት ሳይሆን። ያ መጽሐፍ ለእሷ 1,200 ብር ብቻ አይደለም። የሌላ ሰው ልጆችን «ሁለት ሲደመር ሦስት» እያለች ስንት ማታ ያስጠናችበት ነው። ከገዛች በኋላ ደግሞ ለራሷ ብቻ አላስቀመጠችውም፣ ለአራታችሁ ሰጠች። ሰው ፊት «ኖርማል ነው» ብትያት የምትሰማው ስለ መጽሐፉ አይሆንም። «ልፋትሽ ኖርማል ነው» ነው የሚሆንባት።

ስለዚህ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ፣ እንደተለመደው ደረጃው ላይ «የት ደረስሽ?» ስትልሽ፣ «ጨረስኩት፣ ነይ ግቢ» በያት። አስገቢያት። መጀመሪያ የአያቷን ነገር ንገሪያት፣ ለእኔ እንደጻፍሽልኝ አድርገሽ። ፌርማታ ማለፍሽን ንገሪያት። ይኼ ማሽሞንሞን አይደለም፣ የሆነብሽ ነው። ከዚያ «ልጁ ጋ ግን አልገባልኝም» በያት። «ጥሩ አይደለም» እንዳትዪ፣ ጥሩ መሆኑንና አለመሆኑን እሷም አንቺም ዳኛ አይደላችሁም። የት ጋ እንደለቀቀሽ ንገሪያት። የስልኩ መልእክት ጋ ከሆነ፣ እዚያ ጋ በያት።

ከዚያ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቂያት። «አንቺ የት ጋ ነው ያለቀስሽው?»

ይኼን ጥያቄ አራታችሁም እስካሁን የጠየቃችኋት አይመስለኝም። ሁለት ሌሊት አልቅሳለች፣ እናንተ ያያችሁት እንባውን ነው። ምናልባት ለልጁ ነው፣ ምን አለበት። ምናልባት ደግሞ አንቺ ከለቀቀሽ ቦታ ላይ እሷን የያዛት ነገር አለ፤ ታርቆ መመለስ የሚባለው ነገር፣ የሄደ ሰው በሩን አንኳኩቶ መምጣቱ። እኔ አላውቃትም። አንቺ ግን ከልጅነት ጀምሮ ታውቂያታለሽ፣ ስትመልስልሽ ይገባሻል። ያኔ ስለ መጽሐፉ ያላችሁ ጨዋታ ከማንም ግምገማ ይበልጣል።

ብታኮርፍስ? ልታኮርፍ ትችላለች። አንድ ማታ ታኩርፍ። አንድ ደረጃ የምትወጡ ሰዎች ናችሁ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ከላይ ፎቅ አይደርስም፣ ጀሪካኗን ይዛ ትወርዳለች። ኩርፊያ ጀሪካን አይችልም።

ቅዳሜ ከአራቱ ጋ ስትቀመጪ ደግሞ ብዙ አትድከሚ። እናንተ አምስት ናችሁ፣ አምስታችሁም «ወይኔ!» ካላችሁ ቡናው ሳይፈላ ወሬው ያልቃል። አንዷ ለየት ማለት አለባት። አንቺ ሁኚ። ስለ ሊጡ ጀምሪ፣ ማን ትዝ እንዳላት፣ ማን ዘልላው እንዳለፈች እይ። ስክሪኗ ላይ ሽፋኑን የለጠፈችው ዘልላዋለች ብዬ እገምታለሁ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ቀጥሎ ምን ላንብብ አላልሽኝም፣ እኔ ግን አፌ አያርፍም። ከዚህ ዘውግ አትሽሺ። ያንቺ ዓይነት ልጅ የምትፈልገው፣ የ17 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ያለውን ሸክም ደብቃ የምትሸከምበት ታሪክ፣ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያንግ አደልት ውስጥ ነው የሚገኘው። ፍቅሩ ጎን ለጎን የሚሄድበት፣ ቤተሰቡ መሃል ላይ ያለበት። ሽፋኑ ላይ ሁለት ወጣት ፊት ለፊት ተያይቶ የተሳለበትን ለጊዜው ተይው። እንዲህ ስል ስንት ጥሩ መጽሐፍ በሽፋኑ እያስጠላሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ለመጀመሪያ ፍለጋ ይረዳል።

ለመግዛትም አትቸኩዪ። ኮሌጅሽ አራት ኪሎ ከሆነ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አጠገብሽ ነው፣ ሳንቲም አትከፍዪበትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲቀር ግቢና ሦስት አራት መጽሐፍ አውርጂ። ከእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ገጽ አንብቢ። የመገናኛን የማታ ሰልፍ ረስተሽ የቆየሽበትን እሱን ያዢው። ያንቺ መለኪያ ይኼ መሆኑን አይተናል፣ ፌርማታ ማለፍ።

የገጽ 112 ነገር ግን ምክር የሚያስፈልገው አይደለም። ከአያቷም፣ ከልጁም፣ ከሁሉም በፊት እሱን ንገሪያት። ወጥ ነው፣ አይለቅም። በማጥፊያ እንዳትነኪው፣ በውሃ እንዳታሺው፣ ይባስ ይሰፋል። ከፍተሽ አሳያት፣ «እናቴ ሽሮ እየሠራች ነበር፣ እኔ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ እያነበብኩ» በያት። መቼም ከምድጃ አጠገብ ቆመሽ ስታነቢ የነበረው የትኛውን ምዕራፍ እንደሆነ እገምታለሁ።